አብሮት የሚውለውን ጠይቁ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ የእንስሳት ሕክምና ተመርቃችሁ ወደየከተማው ክሊኒክ ለምትመደቡት ነው የምጽፈው። ላም፣ ውሻ ወይም የጋሪ ፈረስ ያላችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም። እኔ 36 ዓመት በዚሁ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። መርፌ አወጋግን ከእኔ የተሻሉ አስተምረዋችኋል፤ እሱን ልተወው። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ ስለሆንኩ ግን ዞር ዞር ብዬ ነው የምደርስበት።

ደብረ ዘይት ስንማር ፋኩልቲው ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። መምህሮቻችን ጎበዞች ነበሩ። የበሽታውን ስም፣ የተህዋሱን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን እንደ ዳዊት ደገምን። "ላሟን የሚያልባት ማነው ብላችሁ ጠይቁ" ያለን ግን አላስታውስም። ምናልባት ብለውን ይሆናል፤ እኔ ተኝቼ ይሆናል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰውዬ ላም ይዞ መጣ። ይዞ ስል፣ እሱ ዱላውን ይዞ ከኋላ ነው። ገመዱን የያዘችው አሥር ዓመት የማይሞላት ልጁ ነበረች። ላሟ ከስታለች፣ ወተቷም ቀንሷል። "ትል ነው" አለኝ። ሙቀቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። እኔም ትል ነው አልኩና የትል መድኃኒት አጎረስኳት። ልጅቱ ከጎኔ ቆማ "ገመድ ትበላለች" አለች። አባቷ "ዝም በይ!" አላት። እኔ ደግሞ እንዳልሰማ ሆንኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ምክንያት ከተባለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ላሟ ሆዷ ተነፍቶ ተመለሰች። መመንዠክ አቁማለች። ግራ ጎኗን በጡጫዬ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ጨጓራን ቀድዶ ማጽዳት ይቻላል፤ እሷ ግን ከዚያ አልፋ ነበር። ሰውየው ሳትሞትበት አሳረዳት። ጨጓራዋ ሲከፈት ቆሜ አየሁ። ፌስታል ነው። ሲባጎ የተጠመጠመበት፣ የጫማ ማሰሪያ ሳይቀር የገባበት የፌስታል ኳስ። በሁለት እጄ ነው ያነሳሁት። ልጅቱ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ታየኛለች። "ብዬ ነበር" አላለችም። ብትል ይቀለኝ ነበር።

የከተማ ከብት ሣር ሲያጣ ቆሻሻ መጣያ ላይ ይሰማራል። ጨውና ማዕድን የጎደለው ከብት ደግሞ ገመድም፣ ጨርቅም፣ አጥንትም ያኝካል። ይህን መጽሐፉም ይለዋል። እንደሚያኝክ ያየው ግን መጽሐፉ አይደለም። እሷን ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ስለ አሞሌ ጨው፣ ስለ ድርቆሽ፣ ላሟን ከቆሻሻው ስለማራቅ እናወራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልማድ አደረግሁት። እንስሳውን ያመጣውን ሰው በአክብሮት እሰማለሁ፣ ቀጥዬ "አብሮት የሚውለው ማነው?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ክሊኒኩ በር ላይ ቆሟል፤ ወይ ደግሞ ቤት ነው፣ ማንም ና አላለውም።

የጡት በሽታን ውሰዱ። ባልየው "ወተቷ ተበላሽቷል" ብሎ ይጨርሳል። እትዬ ስትጠየቅ ግን "በስተኋላ የቀኟ ጡት ናት፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትሞቃለች፣ ስነካት ትራገጣለች፣ መጀመሪያ ላይ እንደ አይብ ያለ ነገር ይወጣል" ትላለች። ምርመራው በግማሽ አለቀ ማለት ነው። መድኃኒቱን ከሰጣችሁ በኋላም ምክሩ ለእሷ ይነገር። ጠርሙሱ ላይ ወተቱ ለስንት ቀን ለሰው እንደማይሰጥ ተጽፏል። እኔ ለዓመታት ለባልየው ስነግር ኖሬ፣ እሱ ረስቶት፣ እሷ ሳታውቅ በማግስቱ ወተቱን ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። ቀን ቆጥራችሁ "እስከ ቅዳሜ እንዳይሸጡት፣ ለልጆችም እንዳይሰጡት" በሏት። አንቱታውን አትርሱ። ገበያ ላይ መድኃኒት በኪሱ ይዞ ከሚዞረው ሰው የምትለዩበት አንዱ ይኸው ነው።

የጋሪ ፈረስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባለንብረቱ ፈረሱን በቀን ገቢ ለአንድ ጎረምሳ ሰጥቶታል። ገጣባው ሲገማ ክሊኒክ የሚመጣው ግን ባለንብረቱ ነው፤ "ቅባት ስጡኝ" ይላል። ቅባት እሰጠው ነበር። በሁለት ሳምንቱ ይመለሳል። አንድ ቀን ጎረምሳውን አስጠርቼ ፈረሱን ከነጋሪው አስቆምኩትና "እስቲ አጥልቅለት" አልኩት። ከመኪና ጎማ የተቀደደ ማሰሪያ፣ መጋጠሚያው በሽቦ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ ቁስሉ ላይ በትክክል አረፈ። ልጁ እያወቀው ነው! "ዳገት ላይ ሲስብ እዚህ ጋ ይወጋዋል፤ ነግሬያቸው ነበር" አለኝ። ሽቦውን አወጣን፣ ማሰሪያውን ሰፋ አድርገን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልነው፣ ፈረሱም እስኪድን አረፈ። የማረፉ ነገር ብዙ አጨቃጭቆናል፤ የቀን ገቢ ነውና። ልጓሙንም እዩ። ከፌሮ የተሠራ ሻካራ ልጓም ምላስ ይቆርጣል፤ "ፈረሱ አልበላ አለ" የተባለው እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጋለ ብረት የተተኮሰ በሬ ሲመጣላችሁ አትጩኹ። እኔ በወጣትነቴ ጮኼያለሁ። ውጤቱ መተኮሱ ቀርቶ አይደለም፤ ሲጠየቁ "ራሱ ተፋትጎ ነው" ማለት ጀመሩ። ሰው ከብቱን የሚተኩሰው ጠልቶት አይደለም። ቸግሮት ነው፣ እናንተም ሩቅ ስለሆናችሁ ነው።

ውሻ ላይ ልምጣ። ባገለገልኩበት አንድ ከተማ ኃላፊዎቹ የእብድ ውሻ ወሬ በሰሙ ቁጥር ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በሥጋ ለውሰው ማታ ያስበትኑ ነበር። በወረቀቱ ላይ የእኔም ፊርማ አለ። ስትሪክኒን እንዴት እንደሚገድል ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላላያችሁ አልነግራችሁም። ጠዋት ከውሾቹ ጋር ጅብና ጥንብ አንሳ ሞቶ እናገኛለን። በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ቦታውን ይሞሉታል፤ ምግቡ አሁንም እዚያው አለና። ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መዛመቻ ያጣል። ክትባቱ ላይ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ባለቤቶቻቸው ሊይዟቸው ያልቻሉትን ውሾች የሥጋ ቤት ልጆችና የግቢ ጥበቃዎች በስማቸው ጠርተው ያመጡልን ነበር። ባለቤት የለውም የተባለው ሁሉ አብሮት የሚውል ሰው ነበረው።

ውሻ ለነከሰው ሰው የምትሉት አጭር ነው። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠበል እንሄዳለን ካሉ ይሂዱ፤ ክትባቱን ግን እንዳያስቀሩ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። ጤነኛ የሚመስለው ውሻም ወዲያው አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

ይህ ሁሉ የእኔ የሽምግልና ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ስሙን ሲፈሩት ነው መሰል ደስታ ያሉት። በምጽዋ በኩል ገብቶ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣ እሱ ነው፤ በሬ አልቆ የሚያርስ ጠፋ። ከመቶ ዓመት በኋላም አፋር ውስጥ ነበር። ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ እዚያ መድረስ ፈተና ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚችል ክትባት መጣ፣ አርብቶ አደሮቹም ከመካከላቸው የመረጧቸው ሰዎች ሠልጥነው ከብቱን ከተቡ። መንጋው የት እንዳደረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። እኛ ዲግሪ ያለን ሰዎች በዚህ ሥራ ውስጥ ነበርን፤ ብቻችንን ግን አልነበርንም።

የክሊኒኩ መዝገብ ላይ "የባለቤቱ ስም" የሚል ዓምድ ታገኛላችሁ። እኔ ከጎኑ በእስክሪብቶ ሌላ መስመር አሰምር ነበር፤ "አብሮት የሚውል" ብዬ። አንድ ተቆጣጣሪ መዝገብ አበላሸህ ብሎ ተቆጥቶኛል። ማስመሬን አልተውኩም።

ባለፈው ወር ድመታችን አልበላ አለችና በካርቶን ይዣት ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ አያውቀኝም፣ እኔም ማንነቴን አልነገርኩትም። ስሜን ጻፈ፣ ስልኬን ጻፈ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ። "ሁለት ቀን" አልኩ። ቤት ስመለስ የምታበላት የልጅ ልጄ "አያ፣ አምስት ቀን ሆናት እኮ" አለችኝ።