ሁለት ላብራቶሪ፣ ሁለት ቁጥር፦ የኮሌስትሮል ጥያቄዎቻችሁ

«ደብረ ማርቆስ ኮሌስትሮሌ 228 ነበር። በሁለት ሳምንቱ ባሕር ዳር 241 አሉኝ። የተሳሳተው የትኛው ነው?» ጡረተኛ መምህር

ጋሼ፣ ምናልባት አንዳቸውም። የ13 ቁጥር ልዩነት ከ6 በመቶ በታች ነው። የእርስዎ ደም ራሱ ከሳምንት ሳምንት ይዋዥቃል፤ ተቀምጠው ወይም ተኝተው መቀዳትዎ እንኳ ለውጥ አለው። የአሜሪካው ብሔራዊ የኮሌስትሮል ትምህርት ፕሮግራም ለጠቅላላ ኮሌስትሮል የፈቀደው የስህተት ጣሪያ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። እውነቱ 228 የሆነ ደም 210ም 245ም ቢነበብ ከዚያ አይወጣም። «ከፍተኛ» የሚባልበትን 240ን አለፍኩ ብለው እንቅልፍ አይጡ። ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።

«ላብራቶሪው ማሽኑ ልክ መሆኑን በምን ያውቃል?» ከፍኖተ ሰላም

ይህችን ወደድኳት። ጠዋት የታካሚ ደም ከመግባቱ በፊት ባለሙያዋ ከፍሪጅ ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች ታወጣለች። ኮንትሮል ይባላሉ። ልካቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አንዱ መደበኛ፣ ሌላው ከፍ ያለ። በመዳፎቿ መሃል ቀስ አድርጋ ታሻቸዋለች እንጂ አትንጣቸውም፤ አረፋ ያበላሻል። ማሽኑ ያነበበው ቁጥር ገበታ ላይ በነጥብ ይሰፍራል። ነጥቦቹ ከመሃሉ መስመር፣ ማለትም ከታወቀው ልክ፣ ከላይም ከታችም ከተበተኑ ሰላም ነው። አንዱ ከገደቡ ወጥቶ ከተፈናጠረ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ውጤት ለማንም አይሰጥም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላው ነው። አሥር ነጥብ በተከታታይ ከመስመሩ በላይ ሲሰለፍ። ሁሉም ገደቡ ውስጥ ናቸው፣ ማሽኑ ግን አጋድሏል። ሪኤጀንቱ (ከደሙ ጋር የሚቀላቀለው የመመርመሪያ ኬሚካል) አርጅቶ ይሆናል፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከ8 ዲግሪ አልፏል። ደግሞ በየቀኑ እኩል የሚሳሳት ማሽን በራሱ ገበታ ላይ ቆንጆ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው ልኩ ያልተነገረ ናሙና ከውጭ እየተላከ ላብራቶሪው የሚፈተነው። እርስዎም «ኮንትሮል ዛሬ ተሠርቷል?» ብለው ይጠይቁ። የሚቆጣዎት ካለ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።

«አንዱ ወረቀት 5.2፣ ሌላው 201 ይላል። ማን አበደ?» ከቡሬ

ማንም። በሊትር 5.2 ሚሊ ሞልን በ38.67 ያባዙት፤ በዴሲሊትር 201 ሚሊ ግራም ይመጣል። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ማየት ነው።

«ሁዳዴ መጨረሻ 186፣ ከፋሲካ አንድ ወር በኋላ 208። አጭበረበሩኝ?» አንዲት እናት፣ ከሞጣ

እትዬ፣ ላብራቶሪውን ይተዉትና ዶሮ ወጡን ይጠይቁ። 55 ቀን ያለ ቅቤ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል ከርመው ቁጥሩ ባይወርድ ነበር የሚገርመኝ። ለማወዳደር ከፈለጉ ፍስክን ከፍስክ፣ ያውም እዚያው ላብራቶሪ።

«በኤልዲኤል ቦታ ‹አልተሰላም› ብለው ጻፉልኝ። ትራይግሊሰራይዴ 460 ነው።» ከዳንግላ

ልክ አድርገዋል። ብዙ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን፣ «መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ የሚያገኘው በስሌት ነው፤ ከጠቅላላው ላይ «ጥሩ» የሚባለውን ኤችዲኤልን፣ ደግሞም ትራይግሊሰራይድ ከሚባለው የደም ስብ አንድ አምስተኛውን ይቀንሳል። ትራይግሊሰራይድ 400 ካለፈ ስሌቱ አይታመንም። በልተው ሄደው ከነበረ 12 ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው ያስደግሙት። ውኃ ይጠጡ። የማታዋ አረቄ ግን ትቅር፤ ትራይግሊሰራይድን የምትሰቅለው እሷም ናት።