ልጅሽን ከአይሲዩ አታውጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያየሁት፤ እስኪነጋ ከሐሳቤ አልወጣም። የሰባት ወር ልጅሽ በሳንባ ምች አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገባ፣ ትንሽ ተሻለው፣ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ሐኪሞቹም «እዚሁ ሆስፒታል የያዘው ኢንፌክሽን ነው» ብለው መድኃኒት ቀየሩበት። እዚያው ከያዘው ላውጣው ወይ ነው ያልሽው። በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እባክሽ አታውጪው። አሁን የሚያስፈልገው መድኃኒትም ኦክስጅንም ያለው እዚያ ነው።

ንዴትሽ ግን ትክክል ነው። ልጁ በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ያልነበረ ኢንፌክሽን ከዚያ በኋላ ብቅ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሆስፒታል ነው እንላለን። ለምን ይይዘዋል? ጤነኛ ልጅን ቆዳውና ሳሉ ይጠብቁታል። እኛ ግን ልናድነው ስንል ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ደም ሥሩ ውስጥ እናስገባለን፣ የመተንፈሻ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ እንከታለን፣ የሽንት ቱቦ እናደርጋለን። ባክቴሪያው በነዚሁ በኩል ይገባል።

እኛ ጋ በምርመራ ደጋግመው የሚወጡት ክሌብሴላና አሲኔቶባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሲኔቶባክተር በአልጋ ብረት፣ በሞኒተር ቁልፍ ላይ ደርቆ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ብዙዎቹ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተላምደው አይሞቱበትም፤ እንደ ሜሮፔነም ያሉ ከበድ ያሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ስትባሉ ዋጋው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ቢሆንም መድኃኒቱ ከመቀየሩ በፊት የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ተወስዶለት እንደሆነ ጠይቂ። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት የሚነግራቸው እሱ ነው።

አንድ ክረምት፣ ጎን ለጎን የተኙ ሦስት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወጣባቸው። ውኃውን ጠረጠርን፣ ማሽኑን ጠረጠርን። በኋላ ቁጭ ብለን የራሳችንን እጅ ስናይ ነው የገባን። የአንዱን ልጅ ካኑላ እናስተካክላለን፣ የሚጮኸውን ሞኒተር እናጠፋለን፣ በዚያው ጓንት ወደ ሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን። ጓንት ስላደረግን ንጹሕ የሆንን መስሎን ነበር። እኔም እንደዚያ ስሠራ ነበር። ከሦስቱ አንዷ አልተረፈችም። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ኮሪደሩ ላይ የቆመችበት ቦታ፣ ዛሬም ሳልፍበት ልቤን ያመኛል።

ስለዚህ እጅ ላይ አጥብቂ። ልጅሽን ከመንካትሽ በፊትም በኋላም አልኮል ካለ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ እጅሽ ቆሽሾ ከታየሽ ደግሞ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ቀለበትሽን አውልቂ። ስልክሽን ነክተሽ እሱን አትንኪው። የጎረቤት አልጋ ልጅ ሲያለቅስ አንጀትሽ አይችልም፣ አውቃለሁ፣ ግን እሱን ዳስሰሽ ወደ ልጅሽ አትመለሺ፤ ነርስ ጥሪ። እኛንም «ሲስተር፣ እጅሽን ታጥበሻል?» በይን። የሚቀየም ይቀየም።

ጸበል ይዘው የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው። እኔም አማኝ ነኝ፣ አልከለክልሽም፣ ግን ካኑላው ወይም ቱቦው አካባቢ ጠብታ እንዳይነካ። አንቺ ጠጪው፣ አንቺ ጸልዪለት።

ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ ደግሞ «ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ቀን ቀድሞ የወጣ ቱቦ ትልቅ ነገር ነው። የመተንፈሻ ማሽን ላይ ከሆነ ራስጌው ከፍ ብሎ እንደሆነ እይ። ጡትሽም እንዳይደርቅ እለቢው፣ በአፍንጫው ቱቦ ሊሰጡት ይችላሉ፤ የአንቺን ወተት ያህል የሚጠብቀው ምግብ የለም።

የካልቸሩ ውጤት ሲወጣ የባክቴሪያውን ስምና የሚሠሩትን መድኃኒቶች ጻፊልኝ። ዛሬ ማታም ተረኛ ነኝ፤ እረፍት ሳገኝ አየዋለሁ።