በጀት ሲያጥር ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይቀነስ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዕቅድና በጀት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አራት ኪሎ ለበጀት ስሚ፣ ማለትም የበጀት ጥያቄያችንን አቅርበን ለምንከራከርበት ስብሰባ፣ ስንቀርብ ከጠረጴዛው ማዶ የሚነሳውን ጥያቄም፣ ከወዲህ የሚሰጠውን መልስም አውቀዋለሁ። ሰሞኑን እዚህ «ገንዘብ ከሌለ ግማሾቹን መዝጋት ነው» የሚል ሐሳብ ስለበዛ ጠይቁኝ አልኩ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የተፈቀደ በጀት ማለት የተለቀቀ ገንዘብ ማለት አይደለም፤ ይህን ሳትለዩ ቁጥር ይዛችሁ አትምጡ። ስለ ፕሬዚዳንቶችና ስለ ሹመት ደግሞ አልመልስም።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቀጥታ ልግባ። ገንዘብ ካጠረ የትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይዘጉ?

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ዘግተህ ዘንድሮ ብር አታገኝም። መምህሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ደሞዙ እዚያው ባይሆን በተዛወረበት ይከፈላል። የገቡት ተማሪዎች መጨረስ አለባቸው። መደበኛው ዲግሪ አራት ዓመት፣ ምህንድስና አምስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ቅበላ ብታቆምም የመጨረሻው ባች እስኪመረቅ ወጪው ይከተልሃል። ተማሪውን ወደ ሌላ ግቢ ላዛውር ካልክ እዚያ አልጋ፣ ምግብና መምህር ትጨምራለህ። የዘንድሮን ጉድለት በመዝጋት መሙላት አይቻልም።

የሚታጠፈው ፕሮግራም ነው፤ ያውም አዲስ ተማሪ ባለመቀበል። ጥቂት ተማሪ ያለው አንድ ዓይነት ትምህርት ክፍል በሦስት አጎራባች ዩኒቨርሲቲዎች ካለ አንዱ ጋ ይሰብሰብ። በአገር ደረጃ አንድ ቦታ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ካለ ግን፣ ተማሪው አምስትም ቢሆን አይነካም፤ አንዴ ከተበተነ መምህሩንም መሣሪያውንም መልሶ መሰብሰብ አይቻልምና። እኔ ስሚ ላይ ሁልጊዜ የማነሳው ጥያቄ «ይህ ትምህርት እዚህ ቢቆም ሌላ የት ይገኛል?» የሚል ነበር። የግቢው ስምና ዕድሜ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ላብ ቴክኒሻን፦ ለሁሉም እኩል 10 በመቶ ቢቀነስ አይሻልም? ቢያንስ ማንም ተበደልኩ አይልም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እስኪ በሐሳብ አንድ ዩኒቨርሲቲ 100 ብር አለው እንበል። 50ው ደሞዝ ነው፤ አይነካም። 25ቱ የተማሪ ምግብ ነው፤ እሱም አይነካም። መብራት፣ ውሃ፣ ነዳጅና ጥበቃ 10 ብር ይወስዳሉ። የቀረህ 15 ብር ነው። ኬሚካሉ፣ የመስክ ትምህርቱ፣ የተበላሸ ማሽን ጥገናው፣ መጽሐፉ፣ የምርምሩ ገንዘብ ሁሉ ከዚህች ነው የሚወጣው። አሁን «10 በመቶ ቀንስ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አሥሩ ብር የሚነሳው ከ15ቱ ላይ ነው። ደብዳቤው ላይ 10 በመቶ የሆነው ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው።

ጉዳቱም እኩል አይደለም። በጠመኔና በመጽሐፍ የሚያስተምር ክፍል አንድ ዓመት ይቋቋማል። ኬሚስትሪ ያለ ሪኤጀንት (የሙከራ ኬሚካል)፣ ጂኦሎጂ ያለ መስክ ጉዞ፣ ነርሲንግ ያለ ጓንት ምን ያስተምራል? ተማሪው ይመረቃል፣ ዲግሪው ላይ ምንም አይጻፍም፤ ጉድለቱ የሚወጣው ሥራ ላይ ነው። ቅነሳው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ከመጣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨረታ ወጥቶ፣ ውል ታስሮ፣ ገንዘቡ የለም ይባላል። እኩል ቅነሳ ሲባል የሰማችሁ ሁሉ ከመቶው ነው ወይስ ከአሥራ አምስቱ ብላችሁ ጠይቁ።

ላብ ቴክኒሻን፦ ገባኝ። እኛ ጋ እኮ አንዱ ተማሪ ይሞክራል፣ ሠላሳው ቆሞ ያያል።

መልስ፦ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ግን «ተግባራዊ ትምህርት 100 በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከልደታ እናት፦ ልጄ ዘንድሮ ሩቅ አገር ተመድቦ ሄዷል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ይዘጋባቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደንግጡ። በበጀት ምክንያት የገባ ተማሪ ሳይጨርስ ሲበተን እኔ አላየሁም። ልጅዎ የትምህርት ክፍል ሲመርጥ ግን ክፍሉ ስንት መምህር እንዳለውና በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቅ። እግዚአብሔር በሰላም ያስጨርሰው።

ዜጋ፦ በአጠቃላይ ስለ ትምህርት በጀት ምን ትላለህ?

መልስ፦ ምኑን? ጠበብ አድርገህ ተመለስ።

ሽሮ ሜዳ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ይወስዳል ይባላል። ራስ ገዝ ሆኗል አይደል? ከሱ ለምን አይጀመርም?

መልስ፦ መጀመሪያ፣ ጥቁር አንበሳ በማን በጀት ሥር እንዳለ አስብ። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ሆስፒታል ነው፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው እዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲውን በጀት ለተማሪ ቁጥር አካፍለህ «ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል ያወጣል» ስትል የታማሚውን መድኃኒት ጭምር በተማሪው ላይ እየቆጠርክ ነው። ጎንደርና ጅማም እንዲሁ። ሆስፒታል ያለውንና የሌለውን በነፍስ ወከፍ ወጪ አታወዳድሩ።

ራስ ገዝነቱ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 የመጣ ነው። ገቢውን ማስተዳደርና ተማሪውን መምረጥ ያስችለዋል፤ የመንግሥት ድጋፍ በአንድ ሌሊት ይቋረጥ ማለት ግን አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው ግቢ ከፍሎ የሚማር ተማሪ በቀላሉ ያገኛል። ይህንኑ ከአዲስ አበባ ርቆ ካለ ዩኒቨርሲቲ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ የአካባቢው ሰው ምን ከፍሎ?

ሃያ ሁለት፦ እውነቱን እንነጋገር። የአራተኛ ትውልድ የሚባሉት፣ በመጨረሻው ዙር የመጡት 11ዱ የተከፈቱት ለፖለቲካ ነው። እነሱን አጥፎ ገንዘቡን ለስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች መስጠት ነው።

የጂንካ ሰው፦ ወንድሜ፣ አንተ ከቤትህ ታክሲ ይዘህ ነው የተማርከው። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲው ከመጣ ወዲህ ነው ሴት ልጅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ወደ ባል ቤት ብቻ የማትሄደው። ፖለቲካ በለው ሌላ፣ ለኛ በር ነው የተከፈተልን።

ሃያ ሁለት፦ በሩ ተከፍቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ፕሮፌሰር አለ? ላብ አለ?

የጂንካ ሰው፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአንድ ቀን አልተሠራም። በ1943 ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ስንት ፕሮፌሰር ነበረው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ሃያ ሁለት፣ ግማሽ እውነት ይዘሃል፤ ሁሉም ሁሉንም እንዲያስተምር መደረጉ ስህተት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ በ2013 የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው በተልዕኮ የተለዩትም ይህን ለማረም ነው። ልዩነቱ በበጀቱ ላይ ካልታየ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ የበጀት ጣሪያ (አንድ ተቋም ሊጠይቅ የሚችለው ከፍተኛ መጠን) የሚሰጠው ካለፈው ዓመት ቁጥር ተነስቶ ትንሽ ጨምሮ ከሆነ ማን ልዩ ይሆናል? የጂንካው ወንድሜ፣ አንተም ግቢው ይኑር ስትል ለምን ሥራ እንደሚኖር ተናገር። ጂንካ ላይ የእንስሳት ጤናና የአርብቶ አደር ልማት ይጠንክር ካልክ አብሬህ እከራከራለሁ። ሃያ ዓይነት ዲግሪ ካልክ አልከራከርም።

ሜክሲኮ አካባቢ፦ ስለ ኮሌጆችስ? ተግባረ እድ፣ ዊንጌት፣ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ይቀነስባቸዋል?

መልስ፦ የእነሱ ቦርሳ ሌላ ነው። በከተማው አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ከተማው ደግሞ በጀቱን በዋናነት የሚሸፍነው ከራሱ ገቢ ነው። የክልል መምህራን ኮሌጆችም በክልሉ በጀት ይሠራሉ። የፌዴራሉ ሲያጥር የከተማው ያጥራል ማለት አይደለም። ይቀነስባቸው ቢባል ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ብየዳ ያለ ኤሌክትሮድ ማስተማር አይቻልም።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ የትኞቹ ይዘጉ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ካፌ ሠራተኛ፦ ምግብን አይነካም አልከው። እኔ ግን ገንዘቡ ሁሉ እዚያ እየሄደ ይመስለኛል።

መልስ፦ ስሌቱን አብረን እንሥራ። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ተመን በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። 10,000 ተማሪ፣ 300 ቀን ብትል በድሮው 66 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በአዲሱ 300 ሚሊዮን ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን በ22 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት የት ይቻል ነበር? ዩኒቨርሲቲዎቹ ልዩነቱን ከሌላ የበጀት መደብ እያዛወሩ ሲሞሉ ነበር፤ ከየትኛው መደብ እንደሆነ ገምት። ከአሥራ አምስቱ ነው።

ተመራቂ 2012፦ እኛ የወጪ መጋራት (ከትምህርታችን ወጪ የእኛ ድርሻ) ከደሞዛችን እየተቆረጠ ነው። እሱ የት ይገባል?

መልስ፦ ለዩኒቨርሲቲህ አይገባም። አሠራሩ የተጀመረው በ1995 በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው፤ አሠሪህ ቀንሶ ለገቢ ሰብሳቢው ያስገባል። የግል ሥራ የጀመረውና አገር ለቅቆ የወጣው አይገኝም። ዘንድሮ ያለውን ጉድለት በዚህ እንሞላለን የሚል ካለ አትመኑት።

አራት ኪሎ ታዛቢ፦ በመውጫ ፈተና ውጤት ቢበጀትስ? ያሳለፈ ያግኝ፣ የጣለ ይቀነስበት።

መልስ፦ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ አደጋ አለው። ፈተናው በ2015 ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ አለፉ። አሁን ከመንግሥቶቹ ውስጥ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣውን ብትቀንስበት ላብ የሌለው ይበልጥ ላብ ያጣል። በውጤቱ ፕሮግራም ለይበት፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የወደቀ ትምህርት ክፍል ቅበላ ያቁም። ጠቅላላውን ግቢ ግን አትቅጣበት።

ሃያ ሁለት፦ ዶርሙ ባዶ አይደል እንዴ? የ12ኛ ክፍል ያለፈው ቁጥር ይታወቃል።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ የተገነቡት በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ዓመታዊ ቅበላ ነው፤ ሪሚዲያል (ፈተናውን ላላለፉት የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ባይኖር ብዙ ግቢ ግማሹን ይዘጋ ነበር። እንግዲህ መቆጠብ ለሚፈልግ ቦታው እዚህ ነው፦ ሁለትና ሦስት ካምፓስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ወደ አንዱ ያሰባስብ። ካፌው፣ ጥበቃው፣ ጄኔሬተሩ፣ ሰርቪሱ በአንድ ወር ውስጥ ይቀንሳል። አንድ መምህር ሳይነካ ማለት ነው።

ሲቪል መሐንዲስ፦ ስለ ግንባታ ዝም አልክ። ካፒታል በጀቱስ?

መልስ፦ ዝም አላልኩም፤ ጠያቂ እየጠበቅኩ ነበር። ጉድለት ባለበት ዓመት አዲስ ሕንፃ መጀመር ወንጀል ነው ባይ ነኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ አምስት ሕንፃ ይጀምራል፤ ለአምስቱም ትንሽ ትንሽ ይበጀታል። አንዱም አያልቅም። ተቋራጩ ለሠራው የክፍያ ሰርተፍኬት ያቀርባል፣ ክፍያው ይዘገያል፣ እሱ ደግሞ ማሽኑን አንስቶ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ሊፍት፣ ትራንስፎርመር፣ የላብ ዕቃ ምን ያህል እንደጨመረ አንተ ታውቃለህ። ፌሮው ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፤ ስትመለስ ከመጨረስ በፊት ማፍረስ ትጀምራለህ።

እኔ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ከ80 በመቶ በላይ የደረሰው ሙሉ ገንዘብ ተሰጥቶት ይለቅ። መሠረት ላይ ያለው ውሉ በስምምነት ይቋረጥ፤ ካሳ ቢያስከፍልም ዛሬ ይሻላል። መሃል ላይ ያለው ጣሪያ ይልበስና ይቁም። ከሚተርፈው ደግሞ ለጥገና ይመደብ። የጥገና በጀት የሌለው ሕንፃ በአሥር ዓመቱ ሽማግሌ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ፦ ውል ማቋረጥ ግን ክስ ያመጣል።

መልስ፦ ያመጣል። ዘግይቶ መክፈልም ወለድ ያመጣል፤ ወለዱን የሚቆጥር ሰው ግን አላየሁም።

ዜጋ፦ እሺ፣ ጠበብ አድርጌ መጣሁ። ተጨማሪ በጀት ይጸድቃል?

መልስ፦ አላውቅም። ቢጸድቅም የተፈቀደ እንጂ የተለቀቀ አይደለም። ስንት ጊዜ ልበል?

አዲስ የበጀት ባለሙያ፦ ጋሼ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዕቅድ ክፍል ከጀመርኩ አጭር ጊዜ ነው። ጣሪያችን ዝቅ ብሎ መጥቷል፤ ስሚ ላይ ምን ይዤ ልቅረብ?

መልስ፦ «በጀት አነሰን» ብለህ አትግባ፤ ማንም ያንን ነው የሚለው። በትምህርት ክፍል የተከፈለ አንድ ሠንጠረዥ ያዝ፦ ተማሪ፣ መምህር፣ የአንድ ተማሪ የላብ ፍጆታ፣ ይኸው ትምህርት ሌላ የት እንደሚሰጥ። ከዚያ ራስህ የምታጥፈውን ሁለት ፕሮግራም ቀድመህ ተናገር። ራሱ ቀንሶ የመጣን ሰው ያዳምጡታል። በቀረው ላይ «ይህ ከተቀነሰ ይህ ኮርስ በተግባር አይሰጥም» ብለህ የኮርሱን ኮድ ጽፈህ አስፈርም። ሴኔቱ ሳያውቀው ግን አንድም ፕሮግራም አታጥፍ፤ ዲኑ ስሚው ላይ ሳይሆን ግቢህ ውስጥ ይቃወምህ። ሠንጠረዡን ከሠራህ በኋላ ላክልኝ፤ አይልሃለሁ።