ከአሮጌ ፍሬም የሚሠራ የቅጠል ማድረቂያ

እህቴ፣ «በሶብላና ጦስኝ ትሪ ላይ ባሰጣው ከሥሩ እየጠቆረ አስቸገረኝ፤ ቤት ውስጥ ከተቀመጡ አሮጌ ዕቃዎች ማድረቂያ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። ትችያለሽ። እኔም ቅጠል የማደርቀው እንዲህ ባለው ነው።

ያስቸገረሽ ትሪው ነው። ከሥሩ ድፍን ስለሆነ ከቅጠሉ የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ያጣና እዚያው ይታመቃል። ስለዚህ የምትሠሪው ነገር ባያምርም ግድ የለም። ብቻ ከላይም ከታችም አየር ይለፍበት።

እኔ የምመርጠው የድሮ የፎቶ ፍሬም ነው። መስታወቱንና የጀርባውን ካርቶን አውጪና እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ከዚያ መረብ ወይም ስስ ጨርቅ ትወጥሪበታለሽ። ጨርቁን በየጎኑ ከፍሬሙ 3 ሴንቲሜትር ያህል አስበልጠሽ ቁረጪ። አወጣጠሩ ላይ ብልሃት አለ። መጀመሪያ የአንዱን ጎን መሃል በእንጨት ስቴፕለር ምቺ። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ሳብ አድርገሽ መሃሉን ምቺ። የቀሩትን ሁለት ጎኖችም እንደዚሁ። ከዚያ ከየመሃሉ ተነስተሽ ወደ ማዕዘኖቹ እየወጠርሽ ጨርሺ። ከአንድ ጥግ ጀምረሽ ዙሪያውን ከሄድሽ ግን ጨርቁ ይሸበሸባል፣ መሃሉም ይረግባል። ስቴፕለር ከሌለሽ ጥቃቅን ምስማር ይበቃል። ፍሬሙ ሰፊ ከሆነ ከሥሩ ሲባጎ በመስቀል ቅርጽ ወጥሪለት።

ሁለት ሦስት ፍሬም ካለሽ ደራርቢያቸው። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑር። ለማራራቂያ የእንጨት ቁራጭ ወይም እኩል ቁመት ያላቸው ባዶ ጣሳዎች ይሆናሉ።

አሁን ከአሠራሩ ይልቅ ልብ እንድትይው የምፈልገው የዕቃውን ነገር ነው። ቤት የተገኘ ሁሉ ለሚበላ ነገር አይሆንም።

መረብ ሲባል መጀመሪያ ሐሳብ ላይ የሚመጣው አሮጌ የአልጋ አጎበር ነው። ተይው። አብዛኛው አጎበር ፀረ ተባይ ኬሚካል የተነከረ ነው፤ ስለታጠበ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የዛገ ሽቦም አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ ወንፊት ወይም የድሮ የመስኮት መረብ ብቻ ካለሽ ደግሞ ቅጠሉ በቀጥታ እንዳይነካው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከላይ አንጥፊበት። ከሁሉም የሚሻለው አሮጌ ነጭ ስስ መጋረጃ ወይም ሻሽ ነው። ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቢው። ቅጠል ሽታ ቶሎ ይስባል።

እንጨቱንም እይው። የድሮ መስኮትና በር ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ቀለሙ የሚላላጥ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጸዳዋለሁ አትበይ፤ አቧራው ራሱ ነው መርዙ። ሌላ እንጨት ፈልጊ። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ካገኘሽ ማኅተሙን አንብቢ። «ኤች ቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ማለት ነው፣ ይሆናል። «ኤም ቢ» (MB) ካለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና አትንኪው። ማኅተም ቢኖረውም ኬሚካል ወይም ዘይት የፈሰሰበት የሚመስለውን እለፊው።

ለሁሉም ቅጠል ግን ፍሬም አያስፈልግም። ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ኦሬጋኖ ውሃቸው ትንሽ ስለሆነ ተንጠልጥለው በደንብ ይደርቃሉ። ለእነሱ ጨረሮቹ፣ ማለትም ቀጫጭን ሽቦዎቹ፣ የወጡለት አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ አሪፍ ነው። በሦስት ገመድ ከጣሪያ አንጠልጥለሽ በጨረር ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሽቦ መንጠቆ ታስገቢያለሽ። የልብስ መስቀያም ይሠራል። እስሩ ቀጭን ይሁን፤ ከስድስት ሰባት ዘንግ አይለፍ። በክር ሳይሆን በላስቲክ እሰሪው። ግንዱ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ክር ይላላና ሌሊት ሁሉም ነገር መሬት ላይ ያድራል። ላስቲክ ግን አብሮት ይጠብቃል።

በሶብላና ናና ውሃ የበዛባቸው ናቸው። ቶሎ ካልደረቁ ይጠቁራሉ ወይም ይሻግታሉ። ፍሬሙን ለእነሱ ተይው። ቅጠሉን ከግንዱ ለይተሽ አንድ ረድፍ ብቻ አስጪ፣ አንዱ ሌላው ላይ አይተኛ። በየቀኑ ገልበጥ አድርጊው።

ጠዋት ጤዛው እንደረገፈ መቁረጥ ጥሩ ነው፤ አበባ ሳያወጣ ቢሆን ደግሞ መዓዛው ይበረታል።

የት ላስቀምጠው ላልሽው፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። ብዙ ሰው ጣራ ላይ ያወጣዋል፣ ቶሎም ይደርቃል። ግን አረንጓዴው ይነጣል፣ ሽታውን የሚሰጠው ዘይትም ይተናል። ከምድጃ በላይም እንፋሎትና ጭስ አለ። ደረቅ፣ ጨለም ያለ፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ይበቃል። ቬንትሌተር ካለሽ ወደ ግድግዳው አዙሪው፤ ቀጥታ ቅጠሉ ላይ ከነፋ ይበታተንና ለቅመሽ አትጨርሺውም። በሙቀት አፋጥነዋለሁ ካልሽም ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አታሳልፊ።

እንደ አየሩ ሁኔታ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቀኑን ትተሽ ቅጠሉን እይ። በጣትሽ ስታሺው ፍርፍር ካለ፣ ግንዱም ሳይጎብጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ከሆነ ገና ነው። ሳትፈጪው ቅጠሉን እንዳለ ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ብልቃጥ ጨምሪና ብርሃን የማይደርስበት ቦታ አኑሪው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ብልቃጡን በየቀኑ እይው። መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካወጣ ቅጠሉን ወደ ፍሬሙ መልሺው። ሻጋታ ካየሽ ግን ሙሉውን ድፊው፣ መርጦ ማትረፍ አይሠራም።