የትኛው ታስክ የትኛውን እንደሚጠብቅ በአንድ ሥዕል ለማየት

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ ሬድማይን (የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ነው) ላይ ታስኩ በዝቷል፤ የቱ የቱን እንደሚጠብቅ አይታይም፤ ምን ዓይነት ቻርት ይሻላል?

እኔ ከቻርቱ በፊት ሊንኩን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ውስጥ አንዱን ታስክ ከሌላው ጋር የሚያያይዘውን፣ ነው የማየው። ብዙ ቡድን ጥገኝነትን የሚጽፈው ኮሜንት ላይ ነው። «ይሄ ሎጊኑ ካለቀ በኋላ ይጀመራል» ይባልና ይቀራል። ሰው ያነበዋል፤ ሶፍትዌሩ ግን አያውቀውም። ያላወቀውን ደግሞ ሊስለው አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኮሜንት ሁሉ እየለቀማችሁ ሊንክ አድርጉት።

ሬድማይን ላይ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ሊንኮች አሉ። «ያግዳል» የሚለው፣ አጋጁ ታስክ ክፍት እስከሆነ ድረስ የታገደው እንዳይዘጋ ይከለክላል፤ ቀን ግን አይነካም። «ይቀድማል» የሚለው ደግሞ የፊተኛው ማለቂያ ሲገፋ የኋለኛውን መጀመሪያ አብሮ ይገፋዋል። ጋንት ቻርቱ፣ ማለትም ታስኮቹን በቀን መስመር ላይ በአሞሌ የሚያሳየው ሥዕል፣ በትክክል እንዲንቀሳቀስ ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ ይሄኛው ነው።

ጋንት ቻርት ከአለቃ ጋር ስለ ቀን ለመነጋገር ጥሩ ነው። «ሥራው የት ጋ ተያዘ?» ለሚለው ግን ሳጥንና ቀስት ይሻላል። ለዚህ ግራፍቪዝ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እወደዋለሁ። ታስኮቹንና ሊንኮቹን ከሲስተሙ አውጥታችሁ «12 -> 15» የሚል (12 ቁጥር ታስክ ከ15 ይቀድማል ማለት ነው) መስመር ስትሰጡት አቀማመጡን ራሱ ያስተካክለዋል። ያለቁትን ታስኮች ከሥዕሉ አስወጡ። ለቀጣዩ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ ለሚወጣው እትም) የሚያስፈልጉትን ብቻ አስቀሩ። ሁሉንም በአንድ ላይ ከሳላችሁት ድር ነው የሚሆነው፤ ማንም አያየውም።

ትልቁ ጥቅም የሚመጣው ቀስቶቹን አንድ በአንድ ስትጠይቁ ነው። «ከዚያኛው ታስክ በትክክል የምትፈልገው ምንድን ነው?» በሉ። ለምሳሌ የክፍያ ገጹ ሙሉውን የክፍያ ሰርቨር ይጠብቃል ተብሎ ተይዟል እንበል። ገጹን የሚሠራውን ልጅ ስትጠይቁት የሚፈልገው ኤፒአዩ (ገጹና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት በር) የሚልከውና የሚቀበለው ነገር ምን እንደሆነ ብቻ ነው። እሱን ነጥላችሁ ትንሽ ታስክ አድርጉት፤ ቀስቱንም ወደዚያ አዙሩት። ሰርቨሩ ሳያልቅ ገጹ ይጀመራል። ሰርቨሩን የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ሁለቱን ማያያዙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቀስት እኔ ባየኋቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ ይገኛል፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ከዚያ ረጅሙን ሰንሰለት ፈልጉ። የሳጥኑ ብዛት አያታልላችሁ፤ የሚቆጠረው የሥራ ቀኑ ድምር ነው። ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ይሄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከዱፖንትና ከሬሚንግተን ራንድ ኩባንያዎች በመጡ ባለሙያዎች የተቀመረ ዘዴ ነው። ሰው መጨመር ካለባችሁ እዚህ መስመር ላይ ጨምሩ። ሌላው ቦታ ላይ መፍጠን ሪሊዙን በአንድ ቀን እንኳ አያቀርበውም።

ሥዕሉን በእጅ አታድሱት። ጠዋት ጠዋት በራሱ የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉለት። ሊንኩን የማስገባት ኃላፊነት ደግሞ ታስኩን የከፈተው ሰው ይሁን።