እናትና አባትሽ ጃፓን ሊመጡ ከሆነ የባቡር ፓሱን ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ባቡር ውስጥ ሆኜ ሳነበው ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ። «እናትና አባቴ በመጋቢት መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ ለሦስታችንም የ7 ቀን የባቡር ፓስ ገዝቼ ኪዮቶን፣ ናራንና ሂሮሺማን ላሳያቸው አስቤያለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ነው ያልሽው። በ2017 ዓ.ም. የኔም ዕቅድ ይኸው ነበር፣ ከተሞቹ ሳይቀሩ። አንቺ ናጎያ ነሽ፣ እኔ ሳይታማ፤ እሱ ብዙ ለውጥ የለውም።

1. ፓሱን አትግዢ። ለራስሽማ በፍጹም። ፓሱ፣ ማለትም በጄ አር ኩባንያ ባቡሮች ሰባት ቀን እንደልብ የሚያሳፍረው ቲኬት፣ የሚሰጠው ፓስፖርቱ ላይ የአጭር ጊዜ ጎብኚ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ለተለጠፈለት እንግዳ ነው። እኔና አንቺ የነዋሪነት ካርድ ይዘን አይሆንልንም። ይህን እኔ፣ ስምንት ዓመት እዚህ የኖርኩ፣ በጃፓንኛ ሪፖርት እየጻፍኩ ደሞዝ የምበላ ሰው፣ አላውቅም ነበር። ለሰው ስናገረው እስካሁን ያሳፍረኛል። በአንድ የጉዞ ወኪል ድረ ገጽ ሦስት ፓስ፣ እያንዳንዱን በ50 ሺህ የን ገዛሁ። እነ እማዬ ባረፉ በማግሥቱ የግዢውን ወረቀት በፓሱ ልንቀይር ጣቢያ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ የሁለቱን ፓስፖርት አየች፣ የኔን ካርድ አየች፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አሳየችኝ። እዚህ አገር እንዲህ ሲያደርጉ «አይቻልም» ማለት ነው። እማዬ ከኋላዬ ሆና «አማተበችብህ እንዴ?» አለችኝ።

ለምን እንደማይቻል በትሕትና ብጠይቃት ያንኑ ወረቀት ገልብጣ በጣቷ እየጠቆመች አንድ መስመር ደጋግማ አነበበችልኝ፣ ልክ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥሩት። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። ጃፓኖች ትሑት ናቸው ሲባል እኔም ነግሬሻለሁ፣ አንቺም ለሰው ነግረሻል፤ በዚያች ቀን ግን ወላጆቼ ፊት የተዋረድኩትን አልረሳም። ወኪሉም የኔን ገንዘብ የመለሰው ቆራርጦ፣ ከሁለት ወር ቆይታና ከስንት ኢሜይል በኋላ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዪው። ፓሱ ድሮ 29,650 የን ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ነው 50 ሺህ የገባው። «ፓስ ያዋጣል» የሚሉሽ በድሮው ዋጋ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን አንድ ጉዞ ወደ 14 ሺህ የን ነው፣ ደርሶ መልስ 28 ሺህ ያህል። ሂሮሺማ ድረስ ሄደሽ ብትመለሽ እንኳ 40 ሺህ አይሞላም። ካንቺ ከናጎያ ተነስቶማ ጭራሽ ያንሳል። ደግሞ ከሺንካንሰኖቹ ዋናውን ፈጣን፣ ኖዞሚን፣ በፓሱ ለመሳፈር ተጨማሪ ይከፈላል። በየደቂቃው ኖዞሚ እየመጣ ሲሄድ እኛ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ዘገም የሚለውን ሂካሪን እንጠብቃለን።

ለኔ ለብቻዬ ቲኬት ቆረጥኩ። የቼሪ አበባ ወቅት ስለሆነ አጠገባቸው ወንበር የለም። እነሱ ሰባተኛው ፉርጎ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛው። በዚያ ላይ የደረሳቸው በባሕሩ በኩል ያለው የኤ ወንበር ነው። ፉጂ ተራራ የሚታየው በኢ ወንበር በኩል ነው፣ ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ስትሄጂ በቀኝሽ። እማዬ ይህን ተራራ ካሌንደር ላይ አይታው ነው ያደገችው ማለት ይቻላል፤ የጎረቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር። እኔ በአምስት ፉርጎ ርቀት ብቻዬን፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ በረዶውን ለብሶ አየሁት። ኪዮቶ ስንወርድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ተራራው የት ጋ ነው የሚመጣው?» ብላ ነው።

2. ሻንጣ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በዚያ የሺንካንሰን መስመር ላይ ቦታ የሚያዝለት አብሮ ከወንበር ጋር ነው፤ ያለዚያ 1,000 የን ያስከፍሉሻል። ከኤርፖርት በታኪዩቢን፣ ዕቃ ቤት ድረስ በሚያደርሰው አገልግሎት፣ ቤትሽ ላኪው፣ በማግሥቱ ይደርሳል፣ አለቀ። የኔ ታሪክ ግን ከሻንጣው ውጭ ሳይሆን ከውስጡ ነው። እማዬ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይዛ መጥታለች፤ እነሱ በሰላም አለፉ። ለኔ ብላ ደግሞ ቋንጣ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋለች። ናሪታ ኤርፖርት ላይ አንዲት ጆሮዋ የተንጠለጠለ ትንሽ አነፍናፊ ውሻ መጥታ ሻንጣው አጠገብ ቁጭ አለች። ቁጭ ካለች በቃ። ሥጋ፣ ቋንጣም ቢሆን፣ ያለ የምርመራ ወረቀት ጃፓን አይገባም፤ ሕጉ እስከ ሦስት ዓመት እስርና እስከ 3 ሚሊዮን የን ቅጣት አለው። እነዚህኞቹ ሰዎች እንኳ ጨዋ ነበሩ፤ ወረቀት አስፈርመው፣ ቋንጣውን ወስደው፣ ጎንበስ ብለው ሸኙን። እማዬ ግን የቆጫት «ሁዳዴ ጾም ላይ ሥጋ ይዤ ተገኘሁ» ብላ ነው።

3. ጾሙ። መጋቢት መጨረሻ ብለሻል፣ ስለዚህ እናትሽ ጿሚ ከሆነች ሁዳዴ ውስጥ ናችሁ። የቼሪ አበባ ከሁዳዴ ጋር ነው የሚገጥመው፣ ቻይው። እዚህ አገር ሥጋ የሌለበት ማግኘት ቀላል ነው፣ ዓሣ የሌለበት ማግኘት ነው ጭንቁ። ሚሶ ሾርባው፣ የሶባው መረቅ፣ የተቀቀለው አትክልት ሁሉ የሚሠራው ዳሺ በሚባል መረቅ ሲሆን ዳሺው አብዛኛውን ጊዜ ካጹኦ ከሚሉት የደረቀ ዓሣ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ይኸው ንጹሕ ጾም» ብዬ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ አዘዝኩላት። ላዩ ላይ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ስስ የሆነ ነገር በነፋስ ሲወዛወዝ አይታ «ይሄ ነገር ሕይወት አለው?» አለች። ዓሣ ነው። እማዬ በሁዳዴ ዓሣም አትነካም። ከዚያ በኋላ የካጹኦን ጽሑፍ በስልኬ ፎቶ አንስቼ በየሱቁ የእሽጉን ጀርባ ሳነብ ዋልኩ። ያዳነን ምን መሰለሽ? ስኳር ድንች። ሱፐርማርኬት በር ላይ ትኩስ ትኩሱን ጠብሰው ይሸጡታል። ኪዮቶ ውስጥ መነኮሳቱ የሚበሉት ሾጂን የሚባል ምግብ አለ፤ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው፣ ፍጹም የጾም ነው። ተደስቼ ወሰድኳት። የሚቀርበው በቤተ መቅደሳቸው ግቢ ውስጥ መሆኑን ስታውቅ «ጣዖት ቤት ቁጭ ብዬ ልብላ?» ብላ በሩ ላይ ቀረች። አባባ የሁለቱንም ድርሻ በሉ።

4. ቦታዎቹ። እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ሁለቱ ፓሶች ተከፍሎባቸዋል፣ ሰባት ቀን ነው ያላቸው፣ ስለዚህ ገንዘቡን ላወጣ ብዬ ሁለቱን ሽማግሌዎች እንደ ፖስታ ከከተማ ከተማ አመላለስኳቸው። ኪዮቶ ያለው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ መግቢያው ነጻ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ በሮች ተራራው ላይ ተደርድረዋል፣ ለፎቶ የሚያህለው የለም፤ ግን ደረጃ ነው፣ ደረጃ፣ ደረጃ። የእማዬ ጉልበት ገና ከታች ነገረን። በየቦታው ቀይ ጨርቅ የታሠረላቸው የቀበሮ ሐውልቶች አሉ። «ቀበሮዎቹ አይመለኩም፣ መልእክተኞች ናቸው» አልኳት። «የማን መልእክተኛ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ኪንካኩጂን ሲያዩ አባባ የጠየቁኝ «ጥንታዊ ነው?» ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 እንደገና የተሠራ ነው ስላቸው «ታዲያ እኔ እበልጠዋለሁ» አሉ። አዎ፣ በአንድ ዓመት ይበልጡታል። ናራ ግን ውሰጃቸው። አጋዘኖቹ በ200 የን ብስኩት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ አንዷ የእማዬን ነጠላ ጥለት ይዛ አልለቅም ብላ እማዬ በሳቅ ፈርሳለች። ኪዮቶ ውስጥ ደግሞ በዚያ በተጨናነቀ አውቶቡስ አታንገላቻቸው፣ ለሦስት ሰው ታክሲ አይጎዳም። በሩን ግን አትዝጉት፣ ራሱ ነው የሚዘጋው። እማዬ ጓ! አድርጋ ስትዘጋው ሾፌሩ ያመመው ይመስል ዓይኑን ጨፈነ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ሂሮሺማ ነው። ከኪዮቶ ተነስተን፣ መንገድ ላይ ባቡር ቀይረን፣ በዚያው ቀን ልንመለስ። የአቶሚክ ቦምቡ ሙዚየም መግቢያው 200 የን ነው። ቦምቡ በወደቀበት በ8፡15 ላይ የቆመ ሰዓት አለ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሲጫወትበት የነበረ የተቃጠለ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አለ። አባባ ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ብስክሌቱ ፊት ቆመው ቀሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። እኔ ደግሞ የያዝነው ወንበር የስንት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክንዳቸውን ያዝኩና «አባባ፣ ባቡሩ» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ተከተሉኝ። ባቡሩ ውስጥ ብዙ ቆይተው «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምንሽቀዳደመው?» አሉኝ።

ስለዚህ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ለኔም እፎይታ ነበር። ቀሪውን ሳምንት ቶኪዮና ቤቴ አካባቢ አሳለፍን፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ለዘመድ ሲያወሩ የምሰማቸውም ስለዚያ ሳምንት ነው። እማዬን ኦቻኖሚዙ ወዳለው ኒኮላይ ካቴድራል ወሰድኳት። እ.ኤ.አ. በ1891 የተባረከ፣ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልላቱ ወድቆ የታደሰ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የነሱ ሥርዓት ከኛ ይለያል፣ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ ሥዕለ ማርያምን ስታይ ግን ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ። ማታውን ዮጹጊ፣ ካጹሺካ ውስጥ፣ ሐበሾች ብዙ ያሉበት ሰፈር ሄደን እንጀራ በላን።

(ቪዛው ገና ከሆነ አንድ ነገር፦ የእናትሽ ስም ካንቺ ስም ጋር አይገናኝም፤ ጃፓን ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ አንድ የቤተሰብ ስም ነው ያለው። እኔ ከግብዣ ደብዳቤው፣ ከዋስትናው ወረቀትና ከግብር ማስረጃው ጋር የኛ ስም እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በጃፓንኛ ጽፌ ከልደት ምስክር ወረቀቴ ጋር አያያዝኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ አስቤ ነው። ማንም ጥያቄ አላነሳም። ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።)

አባባን ደግሞ ቶቢታኪዩ ወሰድኳቸው። ሰው አይጽፍበትም። ከቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ በኬዮ መስመር ነው፣ ሦስት መቶ የን እንኳ አይደርስም፤ የኬዮ መስመር በዚያ በ50 ሺህ የን ፓስ እንደማይኬድበትም ልብ በይ። ጣቢያው በሰሜን በኩል ወጥተሽ ትንሽ እንደሄድሽ ትልቁን የኮሹ ካይዶ መንገድ ታገኚያለሽ። መንገዱ ዳር የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን መመለሻ ምልክት ድንጋይ ቆሟል። አበበ ቢቂላ ከስታዲየም ተነስቶ እዚያ ድረስ መጥቶ ዞሮ የተመለሰበት ቦታ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። አባባ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወሬው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን።

መኪናው እያለፈ፣ እሳቸው ድንጋዩን በመዳፋቸው እየነኩ ሳለ አንድ ውሻ የሚያናፍሱ ጃፓናዊ ሽማግሌ ቆም አሉ። የአባባን መልክ አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ «አበበ?» አሉ። አባባ «አበበ!» አሉ። ሽማግሌው በደስታ ወደ እግራቸው እያመለከቱ ባዶ እግር እንደሮጠ ሊያስረዱ ሞከሩ። አባባ ጣታቸውን እያወዛወዙ «የለም፣ የለም፣ ባዶ እግሩን ሮም ነው፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጓል» ብለው የራሳቸውን ጫማ አንስተው አሳዩ። ላስተረጉም ስል በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመው ሁለቱም በየቋንቋቸው ተከራከሩ። እኔና እማዬ አንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ስኳር ድንች በላን።

የመምጫ ቀናቸውን ጻፊልኝና ያን ቀን እረፍት ከሆንኩ ቶቢታኪዩ እኔው እወስዳቸዋለሁ። የኢ ወንበሩን ቀድመሽ ያዢ። ቋንጣውን ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ አስቀሪ፤ «አልይዝም» ብትልሽ አትመኛት።