ፈረስ ለማሠልጠን ለተነሣችሁ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በአዳማ የጋሪ ፈረሶችን ሳክም የኖርኩ የእንስሳት ሐኪም በመሆኔ፣ ፈረሳችሁን እጅ መንሣት፣ ስሙ ሲጠራ መምጣትና የወደቀ ጨርቅ አንሥቶ ማቀበል ልታስተምሩት የምትፈልጉ ወጣቶች ወደ ደጄ ትመጣላችሁ። ብልህና ሰው ወዳድ ስለሆነ ቶሎ ይማራል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ስሕተታችሁንም በዚያው ፍጥነት ይማራል።

ይህን ያወቅሁት ከራሴ ጥፋት ነው። ቦራ የምንለው ፈረስ ነበረኝ፤ ጠዋት ወደ በረቱ ስገባ መሬቱን በፊት እግሩ ሲጭር፣ ናፍቆኝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ካሮት እሰጠው ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መጫር ካሮት የሚያስገኝ ሥራ መሰለው፤ ጋሪ ላይ ተጠምዶ ሲቆም እንኳ አስፋልቱን እየደበደበ ሰኮናውን ጎዳ። ሳላውቀው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ መምህር ሃንስ የተባለውን ፈረሱን ሒሳብ እንዳስተማረው ከልቡ ያምን ነበር፤ ሃንስም የተጠየቀውን ድምር መሬት በሰኮናው እየመታ ይመልስ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፑንግስት መርምሮ በ1907 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው ግን፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ካልቻለ፣ ሃንስ ይሳሳት ነበር። ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ሲያደርግ አይቶ ነበር የሚያቆመው። ሰዎች ይህን ታሪክ ፈረስ ማሰብ እንደማይችል ማስረጃ አድርገው ሲያወሩት አዝናለሁ፤ ሰውን እንዲህ አድርጎ የሚያነብ ፍጥረት ፊት ስንቆም ግን የትከሻችንንና የእጃችንን እንቅስቃሴ መጠበቅ ይገባናል።

ስለዚህ ፈረሱ የፈለጋችሁትን ባደረገበት ቅጽበት፣ ለምሳሌ እጅ ሲነሣ እግሩን ሳይመልስ፣ በአንዲት አጭር ቃል አመስግኑትና ወዲያው ምግቡን ስጡት፤ ዘግይታችሁ ከሰጣችሁት የተሸለመው እግሩን መመለሱ ይሆናል። ከኪሳችሁ እያወጣችሁ አታጉርሱት፤ ኪስ መፈተሽ የለመደ ፈረስ ውሎ አድሮ ጣት ይነክሳል። ፈረስ ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ቅርብ ነገር አጥርቶ ስለማያይ፣ ከትከሻው ጎን ቁሙ። ትምህርቱ የማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን፣ ከ10 ደቂቃም አይብለጥ፤ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የዋለውን፣ በተለይም ጉልበቱ ያበጠውን፣ እጅ ንሣ አትበሉት።

ቦራን ያረምኩት ካሮቱን ይዤ ዝም ብዬ በመቆም ነው። መጀመሪያ መጫሩ ባሰበት፤ ተስፋ ቆርጬ ብሰጠው ኖሮ አብዝቶ መጫርን አስተምረው ነበር። አራቱም እግሮቹ መሬት በረገጡ ጊዜ ብቻ ስሰጠው ግን ቀስ በቀስ ተወው።

በኋላ እግሮቹ እንዲቆም አስተምርልን የምትሉኝን ግን አልቀበልም። ሰው ወዳድ ፈረስ ያወቀውን ሁሉ ሳይጠየቅ እያሳየ ይለምናል፤ በግቢያችሁም ካሮት ይዘው የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ሕፃናት ናቸው።